የቆዩ ባለ45 ሸክላዎች፦ መርፌ ከማሳረፍ በፊት ምን ይደረግ?

ጉለሌ45
ሰላም ለሁላችሁ። ከቤተሰብ የቆየ አንድ ካርቶን ባለ45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ አለ። አብዛኞቹ አምሃ፣ ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉት አሳታሚዎች ያወጧቸው ናቸው። ከፊሎቹ ሽፋን የላቸውም፤ አቧራ ጠጥተዋል፣ ሻጋታ የነካቸውም አሉ፤ ሁለት ሦስቱ ትንሽ ተጣምመዋል። ከመሐላቸው አንድ ወፍራምና ከባድ ባለ78 ወጥቷል። ማጫወቻው ከዋሽንግተን በሰው እየመጣ ነው። በጎማ ቀበቶ የሚዞር አሮጌ ማሽን ሲሆን ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተጽፎበታል። አምፕሊፋየሩ ኦክስ መግቢያ (የተራ ድምፅ ዕቃ መሰኪያ) ብቻ ነው ያለው። ትራንስፎርመር ገዝቼ ብሰካው ይበቃል? ሸክላዎቹን በምን ላጽዳቸው? መርፌውስ ምን ዓይነት ይሁን?

ቶርኖ_ቤት
እንኳን ደህና መጣህ። ትራንስፎርመር የሚቀንሰው ቮልቴጁን ብቻ ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን አይነካውም። የእኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። የማሽኑ ሞተር ሲንክሮነስ ከሆነ ፍጥነቱን የሚወስደው በቀጥታ ከመብራቱ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ 45 መዞር የነበረበት 37.5 ይዞራል፣ 33⅓ የነበረው ደግሞ ወደ 27.8 ይወርዳል። ዘፈኑ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይልና የዘፋኙ ድምፅ ራሱ ይወፍራል። ብዙ ሰው «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን ለይ። ሶኬቱን ንቀል፣ የሚሽከረከረውን ሳህን አንሳ፣ ከታች ክፈተው። ከማብሪያው የሚመጣው ሽቦ በአንድ ካፓሲተር በኩል በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ላይ 60 ኸርዝ ከተጻፈ ሲንክሮነስ ነው። መሐል ላይ ትንሽ ትራንስፎርመርና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ካለ ግን ብዙውን ጊዜ የዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ሞተር ነው። እሱን ፍሪኩዌንሲ አይነካውም፤ ቮልቴጁን ካስተካከልክለት በቂ ነው።

ሲንክሮነስ ከሆነ መፍትሔው ሞተሩ ራስ ላይ ያለችውን ፑሊ (ቀበቶውን የምታዞረውን ትንሽ መዘውር) መቀየር ነው። የ50 ኸርዝ ፑሊ ከ60ው በ1.2 እጥፍ መወፈር አለባት። ፋብሪካው ለአውሮፓ የሠራት ከተገኘች እሷ ትቅደም። ካልተገኘች ጥሩ ቶርኖ ቤት ከናስ ይሠራታል። ስሌቱ ላይ ግን የቀበቶው ውፍረት እንዳይረሳ። ፑሊዋ 10 ሚሊሜትር፣ ቀበቶው 0.6 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 10.6 ሲባዛ በ1.2 12.72 ይመጣል፤ ከዚያ 0.6 ሲቀነስ 12.12 ሚሊሜትር። ዝም ብሎ 12 ብታስቆርጣት አንድ በመቶ ገደማ ትዘገያለች። ለ33ም ለ45ም ያሉትን ሁለቱን ደረጃዎች በካሊፐር ለይተህ ለካ። የመሐል ቀዳዳዋ ከውጭ ዙሪያዋ ጋር እኩል ማዕከል ከሌለው ዜማው ረዘም ብሎ በሚያዝበት ቦታ ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ባለሙያው ቀዳዳውንና ዙሪያውን ብረቱን ከማሽኑ ሳያወልቅ፣ በአንድ እስር እንዲጨርስ ንገረው።

ሳሪስ_ኦዲዮ
ቶርኖ_ቤት ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ቀበቶው አርጅቶ ከሆነ ፍጥነት ከመለካት በፊት ይቀየር። አንዳንዱ ጎማ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ፑሊው ላይ ይጣበቃል፤ በአልኮል ሙልጭ አድርገህ ጥረገው። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚገባው ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ንጹህ ሳይን ሞገድ የማያወጣ ከሆነ ሲንክሮነስ ሞተር ያጉረመርማል፣ ጉርምርምታውም በመርፌው በኩል ስፒከር ድረስ ይመጣል። መብራት ከጠፋ መርፌውን አንሳና መብራቱ እስኪመጣ ጠብቅ።

ጉለሌ45
ፍጥነቱ በትክክል 45 መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቶርኖ_ቤት
የስትሮብ ወረቀት (ፍጥነት የሚለካበት፣ ዙሪያውን መስመር ያለው ክብ ወረቀት) አትም። ለ50 ኸርዝ መብራት የ33⅓ው ክብ 180 መስመር፣ የ45ቱ 133 መስመር ይኖረዋል። ከአሜሪካ ድረ ገጽ የምታወርደው በአብዛኛው የ60 ኸርዝ ስለሆነ 216ና 160 ነው፤ እሱ እዚህ ያሳስትሃል። ወረቀቱን ሸክላው ላይ አድርገህ ከላይ መብራት አብራበት፤ መስመሮቹ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ወደ ፊት ከሄዱ ፈጥኗል፣ ወደ ኋላ ከሄዱ ዘግይቷል። አብዛኛው የዛሬ ኤልኢዲ አምፖል በቂ ብልጭታ ስለሌለው የድሮውን ባለ ክር አምፖል ተጠቀም። ስልክ ላይ በጋይሮስኮፕ የሚለካ አፕም አለ፤ ስልኩን ከሳህኑ መሐል አድርገው፣ መርፌውን የሚሸከመውን ክንድም በመያዣው እሰር። ሌላው ነጥብ፣ በስትሮብ ወረቀቱ የምትለካው መርፌው ሸክላ ላይ አርፎ እየተጫወተ ሳለ መሆን አለበት፤ ደካማ ቀበቶ ባዶውን ልክ ይዞርና መርፌ ሲያርፍበት ይዘገያል። ለዚህ ዋጋ የሌለው ሸክላ ተጠቀም።

አራት_ኪሎ_ሸክላ
እኔ በጽዳቱ ልምጣ። ከምንም በፊት አንድ ነገር ይያዝ፦ ያልጸዳ ሸክላ ላይ መርፌ አይረፍ። በቦዩ (ድምፁ በተቀረጸበት ቀጭን መስመር) ውስጥ የተቀመጠው አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለው። መርፌው ሲያልፍ አሸዋውን የቦዩ ግድግዳ ውስጥ ይጨቁነዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢታጠብም ጫጫታው አይለቅም። አምሃ ሪከርድስ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ነው፤ ከዚያ ካሴቱ ገበያውን ወሰደው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የኢትዮፒክ የሲዲ ተከታታይ ብዙ ነገር ቢያተርፍልንም፣ እዚያ ያልገቡና ከሸክላ ውጪ የማይገኙ ዘፈኖች አሉ። ስለዚህ እያንዳንዷን ባለ45 ሌላ ቅጂ እንደሌላት አድርገህ ያዛት።

ለአንድ ሊትር ማጠቢያ፦ 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል (99 በመቶው)፣ ሁለት ጠብታ ሽቶና ቀለም የሌለው የዕቃ ሳሙና። ከሁለት ጠብታ አይብለጥ። የሳሙናው ሥራ ውሃው እንደ ዶቃ ሳይንከባለል ቦዩ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሲበዛ ቦዩ ውስጥ ይደርቅና መርፌው ጫፍ ላይ ነጭ ልቃቂት ይሰበስባል።

የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ ኖራው ይቀራል። የተጣራ ውሃ ካጣህ ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መሸጫ ያለው የባትሪ ውሃ ያገለግላል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብብ፤ ከጎኑ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸክላውን ንጹህ ፎጣ ላይ አድርግ። በለስላሳ ብሩሽ ደረቁን አቧራ አንሳ። ማጠቢያውን በመርጫ ርጭ አድርግና መሐል ያለው ወረቀት እንዳይርስ አንድ ሴንቲ ሜትር ራቅ በል፤ የአምሃና የካይፋ ወረቀት ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ያበጠውም አይመለስም። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ክዳን መሐሉ ላይ ብትይዝበት ይረዳል። አንድ ደቂቃ ይራስ። ከዚያ በማይክሮፋይበር ወይም አጭር ጸጉር ባለው የቀለም መቀቢያ ስፖንጅ በቦዩ አቅጣጫ፣ ማለትም ክቡን ተከትለህ፣ ሦስት አራት ዙር እሸው። ከመሐል ወደ ዳር አትጥረግ። በመጨረሻ በሌላ ጨርቅና በንጹህ የተጣራ ውሃ ብቻ አለቅልቀው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ነው። የዕቃ ማድረቂያ ላይ አቁመህ ግማሽ ሰዓት በጥላ አድርቀው።

ሻጋታ ያለባቸውን ለብቻ፣ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ አጽዳ። የወረቀት የውስጥ ሽፋናቸውን ጣል፤ ሥዕል ያለበት የውጭው ሽፋን ከሆነ ግን አድርቀህ በደረቅ ብሩሽ ጥረግና ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጥ።

ማይክሮን
ጋሼ፣ ባለ78ቱን ማስጠንቀቅ ረሱ እኮ! እሱ ከቪኒል አይደለም የተሠራው፤ ሼላክ ነው። አልኮል ሼላክን ያሟሟዋል፤ አንዴ ከነካው የላይኛው ገጽ ደብዝዞ ይቀራል። ለእሱ የተጣራ ውሃና አንድ ጠብታ ሳሙና ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳይዘፈዘፍ። ደግሞ ከወደቀ እንደ ሰሃን ነው የሚሰበረው።

አራት_ኪሎ_ሸክላ
እግዜር ይስጥህ፣ ልክ ነህ። ጉለሌ45፣ ባለ78ቱን ከካርቶኑ አውጥተህ ዛሬውኑ ለየው።

ሐዋሳ_ፕሌየር
በእንጨት ኮላ የሚያጸዱ ሰዎች አሉ፤ ነጩን ኮላ አፍስሰው ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይልጡታል። ይሠራል?

ማይክሮን
ይሠራል፣ አቧራውንም ከጥልቀት ያወጣል፤ ግን ለእነዚህ ሸክላዎች አልመክርም። ኮላው ቀጭን ከተቀባ ሲላጥ ይቆራረጥና ቁራጩ ቦይ ውስጥ ይቀራል። ለመድረቅ አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። መሐሉ ወረቀት ላይ ከደረሰ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል፣ ሲላጥም ከፍተኛ ስታቲክ ይፈጥራል። ውሃ የማያሸንፈው ሸክላ ካጋጠመና ሌላ ቅጂ ካለ ብቻ ይሞከር። ባለ78 ላይ በፍጹም።

ሳሪስ_ኦዲዮ
ከጽዳት በኋላ እያንዳንዱን በአንድ አምፖል ሥር በሰያፍ ያዘውና እይ። ቆሻሻ ሲታጠብ ይሄዳል። ጮክ ያለው የሙዚቃው ክፍል ላይ፣ ማለት ብራሱ (የትንፋሽ መሣሪያዎቹ) በሚገባበት ቦታ፣ ግራጫ ሆኖ የሚቀር ነገር ካለ ግን ቦዩ ተበልቷል። በዘመኑ የነበሩት በእጅ የሚያዙ ማጫወቻዎች ሴራሚክ ካርትሪጅ (የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል) ነበራቸው፣ መርፌውን ከአምስት ግራም በላይ ይጫኑት ነበር፤ መርፌውም አልቆ ሳይቀየር ለዓመታት ይጫወታል። ግራጫው የዚያ ውጤት ነው። ጭረት ደግሞ በጥፍር ጫፍ ይፈተናል፤ ጥፍሩን የማያቆመው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ «ጠቅ ጠቅ» ይላል እንጂ መርፌውን አያዘልለውም።

ማይክሮን
ወደ መርፌው እንግባ። በመጀመሪያ የማሽኑ ክንድ ምን እንደሚቀበል እይ። በሁለቱ ብሎኖች መካከል 12.7 ሚሊሜትር ካለ የተለመደው ካርትሪጅ ይገባዋል። አሮጌው ሴራሚክ የተገጠመለት፣ ከኋላው የሚዞር ክብደት የሌለው ክንድ ከሆነ ግን ማሽኑን የቤት ጌጥ አድርገው እንጂ የአምሃ ሸክላ አታሳርፍበት።

ለዚህ ዓይነት ስብስብ የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ተከታታይ ይመቸኛል፤ ምክንያቱም ገላው አንድ ሆኖ መርፌው ብቻ እየተነቀለ ይቀየራል። ሲ የሚለው ክብ ጫፍ ነው፣ 15 ማይክሮን ገደማ። ኢ የሚለው ሞላላ ጫፍ ነው፣ 8 በ18 ማይክሮን። ኤስፒ የሚለው ለባለ78 የተሠራ 76 ማይክሮን ነው። የባለ78 ቦይ ሰፊ ስለሆነ የተራ ሸክላ መርፌ ወለሉ ላይ እየተንገዋለለ ከጫጫታ በቀር ምንም አያነብም።

ከሲና ከኢ የቱ? ንጹህ ለሆነው ሸክላ ኢ የተሻለ ዝርዝር ያወጣል፣ በተለይ ወደ መሐል ሲጠጋ። ለተበላው ሸክላ ግን ሁለቱንም ሞክር። አሮጌው መርፌ ግድግዳውን የበላው በተወሰነ ከፍታ ላይ ነው፤ የተለየ ቅርጽ ያለው ጫፍ ከዚያ በላይ ወይም ከዚያ በታች ያልተነካ ቦታ ያገኛል። አንዱ ላይ የሚሻክር ብራስ ሌላው ላይ ጠርቶ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ፋብሪካው የሚሰጠው ዕድሜ ለክብ ጫፍ 500 ሰዓት፣ ለሞላላ 300 ሰዓት ነው። አንድ የባለ45 ገጽ ሦስት ተኩል ደቂቃ ቢሆን 300 ሰዓት ከአምስት ሺህ ገጽ በላይ ያጫውታል፤ ስለዚህ መርፌ ላይ መቆጠብ ለማንም አይጠቅምም። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ አንድም ሸክላ ላይ አታሳርፈው።

ሐዋሳ_ፕሌየር
መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም ማድረግ የድሮ ዘዴ ነው። ለጊዜው አይሆንም?

ማይክሮን
አይሆንም ወንድሜ። ቪኤም95 ኢ የተሠራው ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ነው፤ ሳንቲም ሲጫንበት ያ ልክ በእጥፍና ከዚያ በላይ ያልፋል። ክብደቱ የሚያርፈው በዓይን በማይታይ ነጥብ ላይ ነው፤ ቦዩን ያርሰዋል፣ የመርፌውንም ዘንግ ያጣምመዋል። መርፌ የሚዘለው ወይ ቆሻሻ ስላለ፣ ወይ ክብደቱ ስላነሰ፣ ወይ አንቲስኬቱ (ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚይዘው ማስተካከያ) ስለበዛ፣ ወይ የክንዱ ማጠፊያ ስለደረቀ ነው። ምክንያቱን ፈልግ።

አስተካከሉ ይህን ይመስላል። አንቲስኬቱን ዜሮ አድርግ፣ የመርፌውን ክዳን አውልቅ፣ የኋላውን ክብደት እያዞርክ ክንዱ በአየር ላይ አግድም ተንሳፍፎ እንዲቆም አድርግ። ከዚያ ክብደቱን ሳታንቀሳቅስ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጣ። አሁን ሙሉውን ክብደት ወደ ፊት አዙረህ 2.0 ላይ አቁም፤ አንቲስኬቱንም ሁለት አድርግ። የአሮጌ ማሽን ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ 0.01 ግራም በምታነብ ዲጂታል ሚዛን አረጋግጥ። የወርቅ መመዘኛ የሆነችው ትንሿ ትበቃለች፣ ሁለት ነገር ግን ጠብቅ፦ መርፌው የሚያርፍበት ከፍታ ሸክላው ካለበት ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፤ የሚዛኗ ሳህን ብረት ከሆነ ደግሞ የካርትሪጁ ማግኔት ስለሚሳብ ንባቡ ይሳሳታል፣ ፕላስቲክ አንጥፍበት።

ገመዶቹ፦ ነጭ የግራ፣ ሰማያዊ የግራ መሬት፣ ቀይ የቀኝ፣ አረንጓዴ የቀኝ መሬት። ካርትሪጁ ላይ እያሉ አትበይድ፤ ሙቀቱ ውስጡን ያቃጥላል።

ሳሪስ_ኦዲዮ
ስለ ኦክሱ። ማግኔት ያለው ካርትሪጅ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ኦክስ ላይ ብትሰካው ድምፁ ሩቅና ቀጭን፣ ባስ የሌለው ይሆናል። መሐል ላይ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልግሃል። እሱ ድምፁን ከማጉላት ሌላ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ባስ ይመልሳል፣ የተጨመረውን ትሬብል ይቀንሳል። ከማሽኑ የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ፕሪአምፑ ላይ እሰር፤ ካልታሰረ የ50 ኸርዝ እምምታ አይጠፋም። ታስሮም ካጉረመረመ ፕሪአምፑን ከትራንስፎርመርህ አርቀው፤ 120 ቮልት የሚያወጣው ትልቁ ትራንስፎርመር ራሱ ዋናው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

ጉለሌ45
በጣም አመሰግናለሁ። የተጣመሙትስ? አንደኛው ሲጫወት «ዋይ ዋይ» የሚል ይመስለኛል፤ ሌላ ቤት የሰሙት ነግረውኝ ነው።

አራት_ኪሎ_ሸክላ
«ዋይ ዋይ» የሚለው ሁልጊዜ ከመጣመም አይደለም፤ ቀዳዳው ከመሐል የተዛነፈ ሸክላም እንዲሁ ያደርጋል። ሲዞር ከላይ እየው፦ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ከሄደ ተጣሟል፤ ወደ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ነው። ሰፊው የ38 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ከሆነ መሐል የምትገባውን ቀለበት ትንሽ ገፋ በማድረግ ይስተካከላል። ጠባቡን ቀዳዳ ግን አታስፋው፤ ሸክላው ዋጋውን ያጣል፣ ሲቀዳም በኮምፒውተር ሊታረም ይችላል።

ትንሽ የተጣመመና መርፌው የማይዘልበትን እንዳለ ተወው። የባሰበትን በሁለት ንጹህ ወፍራም መስታወት መሐል አድርገህ፣ ከላዩ አምስት ኪሎ ጭነህ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሳምንታት አቆየው። መሐል ላይ ወረቀት አታግባ፤ የወረቀቱ ገጽ ይታተምበታል። ፀሐይና ምድጃ አይታሰብ፤ ቪኒል 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ቦዩ ከጠፍጣፋው ቀድሞ ይበላሻል። መኪና ውስጥም ለአንድ ምሳ ሰዓት አትተወው።

ደብረዘይት_33
አቀማመጡን እኔ ልበል። ሁሌም ቁመው ይቀመጡ፣ ተደራርበው አይተኙ። ከወለል አንድ ክንድ ከፍ በል፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ፤ በክረምት ሻጋታው የሚመጣው ከግድግዳው እርጥበት ነው። የውስጥ ሽፋኑ ፖሊኤቲሊን ይሁን። የሚያብረቀርቀውና ሽታ ያለው የፒቪሲ ከረጢት በጊዜ ብዛት ሸክላው ላይ ጭጋግ ይተዋል። በበጋ ስታቲክ ሲበዛ ደግሞ ከመጫወትህ በፊት የካርቦን ብሩሽ በቀስታ አሳርፈህ ሁለት ዙር አዙር፣ ከዚያ ወደ ዳር አውጣ።

ዲሲ_ሬክ
ከዚህ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰላም። ዕቃውን ለሚያመጣው ሰው ንገሩት፦ መርፌው ይነቀል፣ የኋላው ክብደት ይፈታ፣ ሳህኑ ከዘንጉ ይውጣና ለብቻው ይጠቅለል፣ ክንዱ ይታሰር። በጉዞ ላይ የሚሰበሩት እነዚህ አራቱ ናቸው። የፑሊው ነገር እንዳስጨነቀህ ከሆነ ግን ገና ካልተገዛ የዲሲ ሞተር ያለው፣ አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የተጻፈበት ይፈለግ።

ደግሞ ሁሉንም ቅዳ። የመጀመሪያው ንጹህ ማጫወት ላይ ኮምፒውተሩ ዝግጁ ይሁን። 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዲሲቤል እንዳይዘል፣ ፋይሉ ፍላክ (የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ዓይነት)። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ የመቅጃ ፕሮግራም ይበቃል። የእነዚህ ባለ45ዎች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ በስቴሪዮ ቅዳና ግራና ቀኙን ለየብቻ አድምጥ። አንዱ ግድግዳ ከሌላው ያነሰ የተበላ ከሆነ እሱን ብቻ ውሰድ፤ ሁለቱም እኩል ከሆኑ ደምራቸው፣ ሲደመሩ ከመጣመምና ከአቧራ የሚመጣው ጫጫታ ጉልህ ሆኖ ይቀንሳል። ጠቅታ የሚያጠፋውን ፊልተር በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አትጠቀም።

ጉለሌ45
የፋይሉን ስም እንዴት ልስጥ? ሁሉም «ገጽ ሀ» እየሆነብኝ ይምታታል።

ዲሲ_ሬክ
መሐሉ ወረቀት ላይ ያለውን የካታሎግ ቁጥር አስቀድም፣ ከዚያ ገጹን፣ ከዚያ ዘፋኙንና ዘፈኑን። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥርም በሰያፍ መብራት አንብበህ ጻፈው፤ ወረቀቱ በስህተት የተገላበጠ ሸክላ ሲያጋጥም የሚያስታርቀው እሱ ነው። የሁለቱንም ገጽ ወረቀትና የሽፋኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሳና እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተት። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካየህ ደግሞ የቆየው እትም አይደለም፣ ኋላ የታተመ ነው፤ እሱን በቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ቅዳው።